የወባ ትንኝ በምን ታገኘናለች? የትንኟ አፍንጫና አንጎል፣ የእኛም መከላከያ

በኢትዮጵያ በ2024 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች መመዝገባቸውንና 1,157 ሰዎች መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ስለ ወረርሽኙ ሲወራ ግጭቱ፣ የአጎበር እጥረቱ፣ ትንኟ ፀረ ተባዩን መላመዷ ይነሳል፤ ሁሉም እውነት ነው። ብዙ የማይነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ትንኟ በድቅድቅ ጨለማ፣ ከብዙ ሜትር ርቀት፣ ከከብቱና ከፍየሉ ለይታ የተኛውን ሰው በምን ታገኘዋለች? መልሱ በአብዛኛው ሽታ ነው። ሽታውን እንዴት እንደምታነብብ ካወቅን የትኛው መከላከያ እንደሚሠራ፣ የትኛው ደግሞ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ መለየት እንችላለን።

በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት። አንድ ቦታ አትረጋም፤ ሰውም ከብትም ትነክሳለች፣ ቤት ገብታም ደጅ ሆናም ትመገባለች፣ ከጠገበችም በኋላ ብዙ ጊዜ ወጥታ ውጭ ታርፋለች። አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ደግሞ የታሰቡት ቤት ውስጥ ለምትነክስና ግድግዳ ላይ ለምታርፍ ትንኝ ነው። ማታ ደጅ ላይ ሲጫወቱ፣ ማሳ ሲጠብቁ የሚደርሰውን ንክሻ አይሸፍኑም። አጎበሩን የሚተካ ነገር የለም፤ ይህን ክፍተት ለመድፈን ግን በአፍንጫዋ በኩል መምጣት ይሻላል ብለን እናምናለን።

የሚነክሱት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ እንቁላላቸውን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋቸዋል። የሴቷ አፍንጫ በሦስት ቦታ የተከፋፈለ ነው፦ ሁለቱ አንቴናዎች፣ ከአፏ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለት አጫጭር ዘንጎች፣ እና የመንደፊያዋ ጫፍ። በእነዚህ ላይ ጥቃቅን ፀጉሮች ተተክለዋል። አንዱን ፀጉር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቀረብ ብለን ብናየው ግድግዳው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት ነርቭ ሴሎች ጫፍ ተዘርግቷል። የሽታው ሞለኪውል በቀዳዳው ይገባል። አብዛኛው የሽታ ሞለኪውል ከውኃ ይልቅ ቅባት የሚስማማው ስለሆነ በፈሳሹ ውስጥ ለብቻው መሻገር ይቸግረዋል፤ ተሸካሚ ፕሮቲኖች ተቀብለው ነርቩ ላይ ወዳለው ተቀባይ ያደርሱታል። ያን ጊዜ ተቀባዩ ይከፈትና ነርቩ መልእክቱን ወደ አንጎል ይሰዳል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ክፍልፋይ ያልቃል።

ተቀባዮቹ ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን ኦርኮ ከሚባል አጋር ፕሮቲን ጋር ካልተጣመረ አይሠራም፤ ከቆዳ፣ ከአበባና ከፍራፍሬ የሚወጡ ብዙ ሽታዎችን ይይዛል። ሁለተኛው እንደ ላክቲክ አሲድ ያሉ የላብ አሲዶችንና አሚኖችን ያነብባል። ሦስተኛው በአፍ ዘንጎቹ ላይ ተቀምጦ የምናስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። የአኖፊለስን የአፍ ዘንግ ብንመረምር አጫጭርና ጫፋቸው ወፈር ያለ ፀጉሮች እናገኛለን፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያሉት ነርቮች ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው በከብት ትንፋሽና በሰው ላብ ውስጥ ያለውን ኦክቴኖልን፤ ሦስተኛው ሌሎች ሽታዎችን።

መላው የትንኝ አንጎል 220,000 ገደማ ነርቭ ሴል አለው፤ የእኛ 86 ቢሊዮን ገደማ ነው። የሽታ ነርቮች አንጎሉ ውስጥ ሲደርሱ እንዳገኙ አይበተኑም። አንድ ዓይነት ተቀባይ ያላቸው ከያሉበት ተሰባስበው አንድ ክብ ቋጠሮ ውስጥ ይገባሉ። የዘርፉ ሰዎች ግሎሜሩለስ ይሉታል፤ በፍራፍሬ ዝንብ 50 ገደማ፣ በትንኝ 60 ገደማ፣ በማር ንብ 160 ገደማ ነው። አንድን ሽታ ከሌላው የሚለየው እንግዲህ የትኞቹ ቋጠሮዎች በምን ያህል ኃይል እንደተነሡ ነው፤ የበገናን ዜማ የተመቱት አውታሮች እንደሚለዩት ማለት ነው። በቋጠሮዎቹ መካከል የሚመላለሱ ሌሎች ነርቮች ደግሞ አንዱ ሲበረታ ሌላውን ያፍናሉ፣ ሽታው ሲከብድም አጠቃላዩን መጠን ዝቅ ያደርጋሉ። በዚህ ምክንያት ነፍሳቷ ደካማውንም ብርቱውንም ሽታ ሳይምታታባት ታነብባለች።

በትንኝ ግን ነገሩ ያን ያህል የጠራ አይደለም። በ2022 ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት፣ የዴንጌ ትኩሳትን በምታስተላልፈው ሌላ የትንኝ ዓይነት፣ በኤደስ ኤጂፕታይ፣ አንዱ ነርቭ በአንድ ጊዜ ከተለያየ ወገን የመጡ ተቀባዮችን እንደሚሸከም አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ «ለአንድ ነርቭ አንድ ተቀባይ» ተብሎ የተማርነው ሕግ ለእሷ አይሠራም። ይህ ለምን እንደሚጠቅማት ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ከቋጠሮዎቹ የሚነሡት መልእክተኛ ነርቮች መንገዳቸው ሁለት ነው። አንዱ የጎን ቀንድ ወደሚባለው ክፍል ይወስዳል፤ እዚያ ያለው በአብዛኛው ከውልደት የመጣ ነው፣ «ቅረቢ» ወይም «ሽሺ» የሚል። ሌላው የሚወስደው ፈረንሳዊው ፌሊክስ ዱዣርዳን በ1850 ወደገለጸው እንጉዳይ መሰል አካል ነው፤ ትምህርትና ትዝታ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በፍራፍሬ ዝንብ በእያንዳንዱ ጎን 2,000 ገደማ ነርቮች አሉበት፤ እያንዳንዳቸው መልእክት የሚቀበሉት ከጥቂት ቋጠሮዎች ብቻ ነው። ለአንድ ሽታ ከመካከላቸው የሚነሡት ጥቂቶቹ ናቸው፣ የቀሩትን አንድ ትልቅ ነርቭ አፍኖ ይይዛቸዋል። እንዲያ ባይሆን ሁለት የተቀራረቡ ሽታዎች ይደባለቁባት ነበር። ቅጣት ወይም ሽልማት ሲመጣ ዶፓሚን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል የሚለቁ ነርቮች በዚያች ቅጽበት የተነሡትን ጥቂቶች ለይተው ግንኙነታቸውን ይቀይራሉ። ይህን ሁሉ ዛሬ ሽቦ በሽቦ መከታተል ይቻላል፤ የአንዲት ፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ ከ139,255 ነርቮቹ ጋር በኦክቶበር 2024 ታትሟል።

ትንኝም ትማራለች። በ2018 የወጣ ጥናት ኤደስ ትንኞችን የአንድን ሰው ሽታ እያስሸተተ በመሣሪያ አንቀጠቀጣቸው፤ በእጅ እንደማባረር ያለ ድንጋጤ ነው። በማግስቱ ያንን ሽታ ሸሹት፤ ሽሽታቸውም ዲት የተባለው የትንኝ ማባረሪያ ከሚያሳየው ጋር የሚወዳደር ነበር። የዶፓሚን ተቀባያቸው የተጓደለባቸው ትንኞች ግን ምንም አልተማሩም። ስለዚህ እጁን እያወራጨ የሚያባርራት ሰው በከንቱ አይደክምም። ችግሩ ትንኟ ከእሱ ዞራ ወደሚቀጥለው ሰው መሄዷ ነው።

አንድ ሽታ በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው የነፍሳቷ አንጎል ሽቦ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከአፈር የሚወጣውን ሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጂኦስሚን የተባለ ሞለኪውል ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ለእሱ ብቻ የተመደበ አንድ ተቀባይና አንድ ቋጠሮ አላት፤ ያ ከተነሣ ምንም ያህል የሚያስጎመጅ ፍሬ ቢኖር ትታው ትሄዳለች፣ ሽታው መርዛም ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳለ ይነግራታልና። ኤደስ ኤጂፕታይ ግን ያንኑ ሞለኪውል ስታሸት ትቀርባለች፣ እንቁላሏንም ትጥላለች፤ ለእሷ ጂኦስሚን ለእጮቿ ምግብ ያለበት ውኃ ማለት ነው። በአንዷ የሚሠራ ማባረሪያ ለሌላዋ ግብዣ ሊሆን ይችላል።

መጠንም ትርጉም ይቀይራል። የፍራፍሬ ዝንብ ለስስ ኮምጣጤ ትበርራለች፣ ለጠንካራው ትሸሻለች። ምክንያቱ በ2009 ተገኝቷል፤ ሽታው ሲበረታ በስሱ ጊዜ ዝም ብሎ የነበረ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ ይነሣል፣ እሱም «ሽሺ» የሚለውን መንገድ ይከፍታል። የሽታ ወጥመድ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ማጥመጃው አልያዘም ብለው መጠኑን ይጨምራሉ፣ ማጥመጃው ማባረሪያ ይሆንባቸዋል።

አሁን ወደ ተኛው ሰው እንመለስ። የምናስወጣው ትንፋሽ 4 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ በአካባቢው አየር ውስጥ ያለው ግን 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ነፋሱ ትንፋሹን እንደ ጭስ እየቆራረጠ ይወስደዋል። አንዷ ብጣሽ ስትደርሳት ትንኟ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ወደፊት ትወረወራለች፤ ሽታው ሲጠፋባት ነፋሱን አቋርጣ ግራና ቀኝ እየተመላለሰች ትፈልጋለች፤ ስታገኘው እንደገና ወደፊት። የሚመራት ይኸው መቆራረጡ ነው። በነፋስ ዋሻ ሙከራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሳይቆራረጥ እኩል ሆኖ ሲሞላ ወደ ነፋሱ መብረሯን አልቀጠለችም፤ የቆዳ ሽታ ግን እኩል ሆኖም ይስባታል። በኤደስ ላይ ከተደረገ ሙከራ እንደተገመተው ትንፋሹ ከ10 እስከ 50 ሜትር ርቀት ይደርሳታል፤ ከ5 እስከ 15 ሜትር ሲቀር ጥቁር ነገር በዓይኗ መፈለግ ትጀምራለች፤ ከአንድ ሜትር ባነሰ የሰውነት ሙቀትና እርጥበት ይረከባታል።

ትንፋሽ ግን ሰውን ከላም አይለይላትም። ለዚህ ቆዳ አለ። በ2022 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የኤደስን አንጎል ሽታ እያስሸተቱ ያጠኑ ተመራማሪዎች ለሰው ሽታ ከሌላው እንስሳ ይልቅ ብርቱ ምላሽ የሚሰጥ አንድ ቋጠሮ አገኙ፤ የሚያስነሡት ዴካናልና አንዴካናል የተባሉ ረጅም አልዲሃይዶች ናቸው፤ ዴካናል በተለይ በቆዳችን ቅባት ሽታ ውስጥ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ይበዛል። ሰው ከሰውም ይለያያል። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ 64 ሰዎችን የመረመረ ጥናት፣ ቆዳቸው ብዙ ካርቦክሲሊክ አሲድ የሚያወጣ ሰዎች ትንኝን አብልጠው እንደሚስቡና ይህ ጠባይ ለዓመታት እንደማይለወጥ አሳየ። «እኔን ብቻ ነው የምትነክሰኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። በ2023 ደግሞ በዛምቢያ ማቻ፣ በአፍሪካዊቷ አኖፊለስ ጋምቢዬ ላይ፣ ስፋቱ 20 በ20 ሜትር በሆነ የመረብ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል።

ተውሳኩ ራሱ በዚህ ሽታ ይገለገላል። የወባ ተውሳክ የሚለቀው አንድ ሞለኪውል ቀይ የደም ሴሎችን ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አልዲሃይድና ቴርፒን የተባሉ ሽታ ያላቸው ውህዶችን እንዲያወጡ እንደሚያደርግ በ2017 ተገልጿል። በኬንያ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናትም ተውሳኩ በደማቸው ያለባቸው ልጆች የተወሰኑ አልዲሃይዶችን አብልጠው እንደሚያወጡ አሳይቷል። ተውሳኩ በደሙ እያለ ምልክት ያልታየበት ልጅ አጎበር ሳይኖረው ሲተኛ ትንኟ ወደ እሱ የበለጠ ትመጣለች ማለት ነው። «እሱ አልታመመም» ብሎ አጎበሩን ለሌላው ብቻ መስጠት በዚህ ምክንያት ስህተት ነው።

ታዲያ ለምን አንዱን ተቀባይ አንዘጋውም? ተሞክሯል። በ2013 ኦርኮ የተሰረዘባት ኤደስ ተሠራች። ሰውን ከሌላ እንስሳ መምረጧ ቀነሰ፤ ትንፋሽ ሲጨመር ግን ሰውን ማግኘቷን አልተወችም። በ2019 የአሲድ ተቀባዩን ያጣችው ደግሞ ወደ ሰው መሳቧ ቢቀንስም አልጠፋም። አንዱ ነርቭ ብዙ ተቀባይ መሸከሙ የሚጠቅማት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው ትገባለች። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ሰውን የምታገኝበትን መንገድ መዝጋት እጅግ ከባድ ነው፤ የምትሸሽበትንና እንቁላል የምትጥልበትን መንገድ መጠቀም ግን የተሻለ ዕድል አለው።

ዲት በቆዳ ላይ የሚቀባ የታወቀ ማባረሪያ ነው፤ የአሜሪካ ጦር ከ1946 ጀምሮ ሲጠቀምበት ቆይቷል። አሠራሩ እንደ ትንኟ ዓይነት ይለያያል። በአኖፊለስ ላይ በ2019 እንደታየው የዲት ሽታ የአንቴናዋን ነርቮች አያስነሣም፤ ከቆዳችን የሚወጡት ሽታዎች እንዳይተንኑ ይይዛቸዋል እንጂ። በተጨማሪም በእግሯ ስትነካው ትሸሻለች። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። ሽፋኑ ያልደረሰበት ቦታ ጥበቃ የለውም፤ እጅ ላይ ተቀብቶ እግርን አይጠብቅም፤ ሽታ ያለው የእጅ አምባርም ከራሱ ዙሪያ አያልፍም። አረቢየንሲስ የተቀመጠን ሰው በአብዛኛው የምትነክሰው ከጉልበት በታች፣ ቁርጭምጭሚትና እግር ላይ ነው። ማታ ደጅ የሚቀመጥ ሰው መጀመሪያ መቀባት ያለበት እዚያ ነው፤ ካልሲና ረጅም ልብስም ያግዛል።

የሚያሸሽ ሽታ እንዳለ ከሚያሳዩት ሥራዎች ታዋቂው የተሠራው እዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ያወጡት ጥናት በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች አረቢየንሲስ ቤት ውስጥ ሰውን እንደምትመርጥ፣ ደጅ ከብትን፣ በግንና ፍየልን ሳትለይ እንደምትነክስ፣ ዶሮን ግን እንደምትሸሽ አሳየ። ከዚያ የእንስሳቱን ፀጉር፣ ሱፍና ላባ ሽታ ሰብስበው ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባለው፣ ውህድን ከውህድ በሚለይ ዘዴ ነጣጠሉት። ቀጥሎ ሰው በፀረ ተባይ ያልተነከረ አጎበር ውስጥ ተኝቶ፣ አጠገቡ ወጥመድ ተሰቅሎ፣ የዶሮው ውህዶች አንድ በአንድ ተፈተሹ። አይሶቡቲል ቡቲሬት፣ ናፍታሊን፣ ሄክሳዴኬንና ትራንስ ሊሞኒን ኦክሳይድ ያሉባቸው ወጥመዶች የያዙት ትንኝ በግልጽ አነሰ። በቅርጫት የተሰቀለ ሕያው ዶሮም ተመሳሳይ ውጤት ሰጠ።

ይህን የሰማ ሰው ዶሮ መኝታ ቤት ላስገባ ሊል ይችላል፤ ይህ አይደለም ትምህርቱ። የዶሮ ኩስ ሕፃናትን በተቅማጥ የሚያሠቃይ ካምፒሎባክተር የተባለ ባክቴሪያ ይይዛል። ናፍታሊን ደግሞ በልብስ መሐል የሚቀመጠው ኳስ ነው፤ በተለይ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸውን ሕፃናት ቀይ ደም ሴል ያፈርሳል። ኳሱን ልጅ የሚተኛበት ክፍል ማንጠልጠል ከወባው ያልተናነሰ አደጋ ነው። ጥናቱ የሚነግረን ትንኟ አንድን እንስሳ በሽታው ብቻ ለይታ እንደምትሸሽ ነው፤ ለሰው የማይጎዳውን ውህድ መርጦ፣ መጠኑን ለክቶ፣ ቀስ ብሎ የሚለቅ ዕቃ መሥራት የሚቀጥለው ሥራ ነው። ወይራ፣ ዳማከሴና የሎሚ ባሕር ዛፍ ማጨስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በቆቃ አካባቢ የተደረገ የመስክ ፍተሻ ትንኝ እንደሚያሸሹ አረጋግጧል። ግን ጭሱ ሲጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል፤ ብዙ ጭስም ለሳንባ አይበጅም፣ በተለይ ሕፃን ላለበት ቤት።

ከሁሉ በላይ ችላ የተባለው የእንቁላል ጊዜዋ ነው። ደም ከጠገበች በኋላ ለሰው ሽታ ያላት ትብነት ይቀንሳል፤ አፍንጫዋ ውኃ ወደመፈለግ ይዞራል። በ1998ቱ ወረርሽኝ በቡሬ ወረዳ፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ሕመም በቆሎ ከሚያንስባቸው 9.5 እጥፍ ይበልጥ ነበር። የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ይወርዳል፣ እጮቹ ይበሉታል፣ በፍጥነትም ያድጋሉ። በ2017 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የብናኙ ሽታ ራሱ እንቁላል ያዘለችውን አረቢየንሲስ እንደሚስብ አረጋገጡ። ሩዝና የሸንኮራ አገዳም በተመሳሳይ መንገድ ይስባሉ። የሚመከረው ቀላል ነው፦ በቆሎው ከማበቡ በፊት በማሳውና በቤቱ መሐል ያለውን የታቆረ ውኃ ማፋሰስ ወይም መድፈን፣ የጡብ ጉድጓዱን፣ የከብት ኮቴ ያጎደጎደውን ሳይቀር። ብናኙ ከወረደ በኋላ የሚደፈን ኩሬ ዘግይቷል፤ ትንኟ ቀድማ አሽትታዋለች።

የሚስብ ወጥመድ በሰፊው ተሞክሮ ውጤት ያሳየው በኬንያ ሩሲንጋ ደሴት ነው። ከ2013 እስከ 2015 በደሴቲቱ ቤቶች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ወጥመዶች ተተከሉ፤ አሞኒያ፣ ላክቲክ አሲድ፣ ቴትራዴካኖይክ አሲድና ሌሎች ሁለት ውህዶች የተነከሩበት የናይለን ቁራጭ ሰው መስሎ ይሸታል፤ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈንታ 2-ቡታኖን የተባለ ውህድ ገባ። ወጥመዱ ባለበት ወባ የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ 29.8 በመቶ፣ የሌላዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ የአኖፊለስ ፈነስተስ ቁጥር ደግሞ 69.2 በመቶ አንሶ ተገኘ። ጥጥ ሳይሆን ናይለን መመረጡ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሽታውን እየቆጠበ የሚለቀው ጨርቁ ነው። የሩሲንጋ ውጤት ግን የፈነስተስ ነው፤ ፈነስተስ ሰው ወዳድ ናት፣ አረቢየንሲስ ደግሞ በረቱንም ትጎበኛለች። በሰው ሽታ ብቻ የተሠራ ወጥመድ እዚህ ሲመጣ ብዙ ትንኝ ሊያመልጠው ይችላል። የከብት ሽንት ሽታ እንደሚስባት እዚሁ አገራችን ታይቷል፤ የሚቀመመው ሽታ ከዚያም መነሣት አለበት።

አዲስ ሽታ ይዞ የሚመጣ ማንኛውም ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ተመራማሪ፣ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነው፦ ወጥመዱ ከየትኛው ጋር ተነጻጸረ? ሽታው የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻ ያለበት ሌላ ወጥመድ ጎን ለጎን መሰቀል አለበት። ቤቱ ለረግረግ ስለቀረበ፣ የተኛው ሰው ቆዳ ስለሚስብ የሚመጣ ልዩነት እንዳያሳስት ሽታዎቹ በየሌሊቱ ከቤት ወደ ቤት መዞር አለባቸው፤ እያንዳንዱ ሽታ በእያንዳንዱ ቤት እስኪያድር ድረስ። የሚቆጠሩት ትንኞችም በዓይነትና በሆዳቸው ይለዩ፦ ያልበላች፣ ደም የጠገበች፣ እንቁላል ያዘለች። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወጥመድ ውስጥ ቢገኙም ያመጣቸው ሽታ አንድ አይደለም።